የኤንትሬው ታኮ

መኪናው ከጠረጴዛው ጠርዝ ሊወድቅ ሲል ዓይናዲስ በነጠላዋ ጫፍ ቀለበችው። ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው። ክንድ የማይሞላ መኪና ነው፤ አያያዟ ግን ከአልጋ ሊወድቅ የነበረ ሕፃን ያተረፈች ያስመስላት ነበር።

ልጇ ምስጢር የብየዳ ካውያውን ማስቀመጫው ላይ አሳርፋ ተነሣች።

"ተሰበረ?"

"አልተሰበረም። ምነው ግን ዳር ላይ ታስቀምጭዋለሽ?"

"ዳር ላይ አላስቀመጥኩትም፣ ራሱ ሄዶ ነው። ጎማዎቹን ዘይት ካስነካኋቸው ወዲህ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሏል። ጠረጴዛው ደግሞ ዘንበል ያለ ነው።"

"አባትሽ ቢሆን ታኮ ሳያስገባ ከመኪናው አይርቅም ነበር።"

ዓይናዲስ የደነገጠችው ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው።

"ምን ሳያስገባ?" አለች ምስጢር።

"ታኮ ነዋ። ወፍራም እንጨት ነው፣ ባንድ ወገን የተጠረበ። ዳገት ላይ ሲቆሙ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጠዋል። ሲሄዱ ደግሞ ከጭነቱ ሥር፣ በግራ በኩል፣ በሰንሰለት ይንጠለጠላል።"

ምስጢር መኪናውን ተቀብላ ገለበጠችው። ከጭነቱ ሥር በግራ በኩል ባዶ ነበር።

"ይኼን እስከዛሬ አልነገርሽኝም።"

"አልጠየቅሽኝማ።"

"እማ፣ ያላየሁትን ነገር እንዴት ብዬ ልጠይቅ?"

ዓይናዲስ ነጠላዋን አራገፈች።

ምስጢር ጎንደር ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተበላሸ ስልክ ትጠግናለች። ከሥራ መልስ ደግሞ ይኼን መኪና መሥራት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። አባቷ ዋኘው ከጎንደር ሳንጃ፣ ከጎንደር ደባርቅ ሲመላለስበት የኖረው ኤንትሬ የሚባል የጭነት መኪና አምሳያ ነው። ዋኘው ታሞ የሞተው ምስጢር ገና አፏን ስትፈታ ነበር፤ መኪናውም ተሸጦ ሄደ። የቀረው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ዋኘው ከፊት ጎማው በላይ ባለው ጭቃ መከላከያ፣ በፓራፋንጎው ላይ ክንዱን አስደግፎ፣ ፀሐይ ዓይኑን ወግታው የቆመበት።

መጀመሪያ ያስቸገራት ልኩ ነበር። መኪናው የለም፣ ሜትር የሚዘረጋበት ነገር የለም።

"እማ፣ አባቴ ቁመቱ ስንት ነበር?"

"እኔ ስንቱን አውቄ? አናቴ ትከሻው ላይ ይደርስ ነበር።"

ምስጢር ይኼን ስትሰማ እናቷን ጫማ አስወልቃ ግድግዳው ላይ አስደገፈቻትና በአናቷ ልክ በእርሳስ አሰመረች። ከመስመሩ የአባቷን ትከሻ አገኘች። ከትከሻው ፓራፋንጎውን፣ ከፓራፋንጎው ጎማውን፣ ከጎማው መላውን መኪና አወጣች፤ ያንን ሁሉ ደግሞ እኩል አሳነሰችው። ያ የእርሳስ መስመር አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ዓይናዲስ ቤት ስትጠርግ እዚያ ጋ ስትደርስ ትንሽ ትቆማለች።

ዕቃ ፍለጋው የዓይናዲስ ሥራ ሆነ። ጋቢናው ከዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮውን ያገኘችው አራስ ከነበረች ጎረቤቷ ነው። ጎማዎቹ የተበጠሰ የላስቲክ ጫማ ነበሩ። የራዲያተሩ ወንፊት የሻይ ማጥለያ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ጥሩምባ የእስክሪብቶ ጫፍ፣ ጭነቱን ከሥር የሚሸከመው ባሌስትራ የቆመ የግድግዳ ሰዓት ሞላ ነበር። የፊት መብራቱ መስታወት ከክኒን ማሸጊያ ላይ የተቆረጠ ነው። ልኩ እስኪገኝ ድረስ ዓይናዲስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምን ምን እንደሚውጥ አወቀች። "የደም ግፊቱ ይተልቃል፤ የጨጓራው ግን ሸጋ ነው" ትል ነበር።

ከጋቢናው በላይ "ቀን ያልፋል" የሚለውን የጻፈችውም እሷው ናት። መጀመሪያ ምስጢር ጽፋው ነበር፤ ፊደሉ ቀጥ ከማለቱ የተነሣ የማተሚያ ቤት ሆነ። የጥንቱን የጻፈው የዋኘው ረዳት ዳኛው ሲሆን፣ ፊደሎቹ ከገበያ እንደሚመለስ ሰው አንዱ ቀድሞ አንዱ ቀርቶ የሚሄዱ ነበሩ። ዓይናዲስ ካምና ጀምሮ የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች። "ያንቺ እጅ ይሻላል" ብላ ምስጢር ቀጭኗን ብሩሽ ሰጠቻት። ዓይናዲስ ስድብ ይሁን ምስጋና ሳይገባት፣ ትንፋሿን ይዛ ጻፈችው። ልክ እንደ ዳኛው ሆነ።

ዋኘው በሕይወት ሳለ ዓይናዲስ ፊደል ስለማታውቅ የባሏን መኪና ከሌላው ኤንትሬ የምትለየው በገላው ነበር። የቀኙ መስታወት በጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ የታሰረ እንደሆነ፣ የጋቢናው መወጣጫ ጫፉ የተቆለመመ እንደሆነ፣ ከኋላ የሚወዛወዘው የውኃ ባልዲ ሰማያዊ እንደሆነ ታውቃለች። ከፎቶግራፉ ያልታየው ሁሉ እሷ ውስጥ ነበር። ግን ባንድ ጊዜ አላወጣችውም። ምስጢር ጨረስኩ ስትል ስለ መስታወቱ ነገረቻት። መስታወቱን ስትጨርስ ስለ መወጣጫው ነገረቻት። ከዚያ ባልዲው መጣ። አንዱም ውሸት አልነበረም። ብቻ ጨው እንደሚቆጥብ ሰው ቆንጠር ቆንጠር እያደረገች ነበር የምትሰጣት።

የምትቆጥብበትን ምክንያት ለማንም አልተናገረችም። የምስጢር አብሮ አደግ ቤዚ አዲስ አበባ የሕንፃ ሞዴል ከሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ገና ያልተገነባ ቤት በትንሹ፣ ከነዛፉ ከነመኪናው ሠርተው ለገዢ የሚያሳዩ ናቸው። አለቃዋ የምስጢርን መኪና በስልክ ፎቶ አይቶ፣ "በእጄ ይዤ ልየው፤ እንዲህ ከሆነ ልጅቷ ወዲያው ትምጣ" ብሏል። ቤዚ ለእኅቷ ሠርግ መጥታ ሰንብታ ነገ ጠዋት ካዘዞ በአውሮፕላን ትመለሳለች። ዛሬ ማምሻውን መኪናውን ልትወስድ ትመጣለች።

ምስጢር ወንበሯ ላይ ተመለሰች። "ያለ ታኮው አልሰጣትም" አለች። "ጎደሎ መሆኑን እያወቅሁ እንዴት አድርጌ ነው የምሰጠው?"

"ከየትም እንጨት ጥረቢያ።"

"የአባቴ ታኮ ከምን ነበር?"

"ከወይራ።" ዓይናዲስ ወደ በሩ ዞራ፣ "አያ ዳኛው ጋ አለ። እሱን ነው መኪናው ሲሸጥ ያስቀረው" አለች።

ቅዳሜ ነበር። ዓይናዲስ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

መንገድ ላይ የሱቅ ጽሑፍ ሳታነብ አታልፍም፤ መምህሯ "ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ" ስላለቻቸው እንደ ንስሐ ይዛዋለች። ዛሬ ግን አንዱንም አላየችም። ባጃጅ ቆሞ ጠራት፤ አልሰማችውም።

ዳኛው ቅዳሜ ገበያ ዳር ሸራ አንጥፎ ያረጀ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ዕቃውን የሚያመላልስበት ጋሪ ከጎኑ ቆሟል፤ ከጋሪው ጎማ ሥር ደግሞ በዘይት የጠቆረ ወፍራም እንጨት ተሸጉጧል።

"አያ ዳኛው፣ እንዴት ዋሉ?"

"እግዜር ይመስገን። ዛሬ ደግሞ ምን ልትነጥቂኝ መጣሽ? ባለፈው የሰዓቴን ሞላ ወሰድሽ፣ ይኸው ጊዜ ቆሞብኛል።"

"ሰዓቱ ድሮም የቆመ ነበር።"

"ቢሆንም ተስፋ ነበረኝ።"

ዓይናዲስ ፈገግ ለማለት ሞከረች። "ታኮውን ነው የፈለግሁት። ጫፉን ብቻ፣ የጣት ያህል።"

ዳኛው ሳቁን ዋጠ። እንጨቱን አየ፣ መልሶ እሷን አየ። "ለልጅቱ መኪና?"

"ያለ እሱ አልጨርስም አለች።"

"ምነው እስከዛሬ ሳትነግሪያት?"

"ረስቼው ነው።"

"አንች? የጋቢናው በር ሲከፈት ስንቴ እንደሚያቃስት የምታውቅ ሴት ታኮውን ረሳሁት ትለኛለች።" ራሱን ነቀነቀ። "ለሌላ ንገሪ።"

ዓይናዲስ አጠገቡ ባለው የጎማ ቸርኬ ላይ ተቀመጠች። ሰው እንዳይሰማት ዝቅ ብላ፣ "መኪናው ካለቀ ልጄ ትሄዳለች አያ ዳኛው" አለች።

"ወዴት?"

"አዲስ አበባ። ሥራ ሊሰጧት ነው።"

"ክፉ ሥራ ነው?"

"ክፉስ አይደለም።"

"ታዲያ ትሂዳ።"

"ለእርስዎ ቀላል ነው። የዋኘውን መምጫ እየጠበቅሁ ስንት ዘመን ኖርኩ። መንገዱ ዛሬ ተዘጋ፣ ዛሬ ተከፈተ ሲባል፣ ሊማሊሞ ጭጋግ ነው ሲባል። ዋኘውን መንገድ አልገደለውም፤ አልጋው ላይ ነው የሞተው። እኔን ግን መጠበቁ ጨርሶኝ ነበር። አሁን እንደገና ልጀምር?"

ዳኛው የአንድ ገዢ እጅ ውስጥ የነበረ ብሎን ተቀብሎ ቦታው መለሰ።

"ሊማሊሞ ላይ ያቃጠልኩትን ፍሪሲዮን ታስታውሻለሽ?"

"ጎንደር ሁሉ ያስታውሳል።"

"ጎንደር የሚያስታውሰው ታኮውን ሳላወጣ ዘልዬ መሳፈሬን ነው። ዋኘው ነዳጅ ይሰጣል፣ መኪናው ያጓራል፣ ንቅንቅ የለም። ጭነቱ ነው ብሎ ጨመረበት። ሽታው አፍንጫችን ሲደርስ ፍሪሲዮኑ አልቋል። መለዋወጫ ከጎንደር እስኪመጣ ከጭላዳ ጋር ገደል አፋፍ ላይ ከረምን። እንዲያ ሆነን ዋኘው ምን እንዳለኝ ግን ለማንም አልነገርኩም፤ ሰው መሳቁን እንጂ ይኼን መች ይጠይቃል።"

"ምን አለዎት?"

"አልተቆጣም። ታኮውን አንሥቶ ሰጠኝና፣ 'ዳኛው፣ ይኼ የሚገባው እኮ መኪናው እንዳይሄድ አይደለም፤ ሰው አረፍ እስኪል ነው' አለኝ።"

ዳኛው ድንጋይ ፈልጎ ከጋሪው ጎማ ሥር አደረገ፤ ታኮውን አወጣና በጉልበቱ ይዞ ጫፉን በሲጌቶ መጋዝ ይቆርጥ ጀመር። እንጨቱ ከላይ ጥቁር፣ ከውስጥ ግን ቀይ ዳማ ነበር፤ የወይራ ሽታው ገና አልለቀቀውም። ቁራጩን እጇ ላይ አኖረላት። ታኮውን ቦታው መለሰና ድንጋዩን አንሥቶ ከመንገዱ ራቅ አድርጎ ወረወረው፤ ድንጋይ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ለረዳት ነውር ነው።

"ለልጅቱ ንገሪያት" አለ። "ወፍራሙን ወገን ወደ ውጪ ታድርገው። የተገላቢጦሽ የሚያስገባ አለ፤ እንዲያ ከሆነ ሰው ይጨርሳል።"

ዓይናዲስ ቁራጩን በመዳፏ ጨብጣ ወደ ቤቷ አቀናች።

አላገኘሁም ማለት ይበቃ ነበር። ዳኛው ዛሬ ገበያ አልወጣም፤ ወይም ታኮውን ለማገዶ ፈልጦታል ትላለች። ቤዚ ባዶ እጇን ትሄዳለች፣ አለቃዋም ይረሳል። ምስጢር ፒያሳ ሱቋ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች፣ እናትና ልጅ ጠረጴዛው ዳር ይቀመጣሉ። ቁራጩን መንገድ ዳር ካለው ቦይ ብትጥለው ማን ያያታል። ከአንድ ግንብ ጥግ ቆማ መዳፏን ከፈተች።

የወይራው ሽታ መጣና የሳንጃውን መንገድ ይዞባት መጣ። የተጋቡ ሰሞን ነበር። ሰሊጥ ጭነው ወደ ጎንደር ሲመለሱ ዳኛውን ወባ ጣለው፤ ጋቢና ውስጥ ተጠቅልሎ ተኛ። ዋኘው ሚስቱን አያትና፣ "ዛሬ ረዳቴ አንች ነሽ" አላት። መኪናው ውኃ ሊጠጣ ዳገት ላይ በቆመ ቁጥር ዘላ ትወርዳለች፣ ታኮውን ትሸጉጣለች። ሊነሣ ሲል ደግሞ ታወጣውና የመኪናውን ገላ በእጇ ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ ሁለት ጊዜ ማለት ሂድ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ጊዜ ፈርታ ነበር። ታኮውን አውጥታ፣ ሁለቴ መትታ ቀና ስትል መኪናው ጥሏት ሄደ። ጭነት የያዘ ኤንትሬ ዳገት መካከል አይቆምም፤ ይኼን ማን ነግሯት። አቧራው ውስጥ ያንን ከባድ እንጨት ታቅፋ እያለቀሰች ሮጠች። ዳገቱ ሲያልቅ፣ ሜዳው ላይ፣ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ነበር። ዋኘው በመስኮት ብቅ ብሎ ይስቃል። "እህ፣ ጥሎኝ ሄደ ብለሽ ነው?" አላት። ከሻሿ ጠርዝ አረንጓዴ ቅዳጅ ጠየቃትና ግራ መስታወቱ ዘንግ ላይ አሰረው። "ይኸው፣ አሁን በሄድኩበት አንች አለሽ።"

ዓይናዲስ መዳፏን መልሳ ጨበጠች። አልወሰነችም፤ ግን ቦዩንም አለፈችው።

ቤት ስትደርስ ምስጢር ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ነበር። መኪናው ከፊቷ ነው፤ እንዳይሄድ የክብሪት ቀፎ ተደግፏል።

"አገኘሽው?"

ዓይናዲስ ነጠላዋን ልታወልቅ ዘወር አለች።

"ካጣሽው ግድ የለም" አለች ምስጢር። "ቤዚን ሌላ ጊዜ ትወስጅዋለሽ እላታለሁ። እዚህም እኮ ሥራ አለኝ።"

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ልመናም አልነበረም። ዓይናዲስን የነካት ይኼ ነበር። ይኼን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ድሮ፣ ዋኘው ዛሬም አይመጣም ሲሏት፣ "ግድ የለም" ትልበት የነበረው የራሷ ድምፅ ነው።

እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከፈተችው።

"ወፍራሙን ወገን ወደ ውጪ አድርጊው ብሎሻል አያ ዳኛው። የተገላቢጦሽ ከሆነ ሰው ይጨርሳል።"

ምስጢር ቁራጩን አንሥታ አሸተተችው። ምላጯን አነሣች። ልኩን ከጎማው ወሰደች፣ ጠረበችው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው። ዓይናዲስ አጠገቧ ተቀምጣ፣ "ትንሽ ወፍራም ነው፤ በእግር የሚመታ ነገር እኮ ነው፤ ጥግ ጥጉን እንደተበላ አድርጊው" ትላታለች። ለሰንሰለቱ ከተበጠሰ የአንገት ሐብል ጥቂት ቀለበት ቆረጡ። ሲያልቅ ታኮው የምስር ፍሬ ሁለት ሦስቱን ቢያክል ነው። ምስጢር ከኋላ ጎማው ሥር አስገባችውና የክብሪቱን ቀፎ አነሣች።

መኪናው አልተንቀሳቀሰም።

ቤዚ የመጣችው ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ስፖንጅ የተነጠፈበት ካርቶን ታቅፋ ነው። ካርቶኑ ላይ "በጥንቃቄ ይያዝ" ተብሎ ተጽፏል፤ ዓይናዲስ ቀስ ብላ አነበበችውና ተጽናናች። ቤዚ መኪናውን ስታይ ካርቶኑን መሬት አስቀመጠች።

"እትዬ ዓይናዲስ፣ ይኼ ነው በፎቶ ያየሁት? ይኼማ የቀረው ጫት የሚቅም ሹፌር ብቻ ነው።"

"ዋኘው ጫት አይቅምም ነበር" አለች ዓይናዲስ ኮስተር ብላ።

ምስጢር ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ቤዚ ደንግጣ፣ "ይቅርታ፣ ለወጉ ብዬ ነው" አለችና ጎንበስ ብላ በጋቢናው መስኮት አየች። መሪውን አየች፣ ባልዲውን በጣቷ ነካ አድርጋ አወዛወዘችው። "ምስጢር፣ አለቃዬ ይኼን ካየ ትኬት ቆርጦ ነው የሚልክልሽ። ግን አንድ ነገር አለ፤ ይኼ ይቀረዋል፣ ያ ይጨመራል ማለት አይወድም። አልቋል ወይስ አላለቀም?"

"እማን ጠይቂያት" አለች ምስጢር። "እሷ አለቀ ካላለች አላለቀም።" ከዚያ ራሷ ወደ እናቷ ዞረች። "እማ፣ የቀረ ነገር አለ?"

ዓይናዲስ መኪናውን አየችው። ግራ መስታወቱን የያዘው ዘንግ ባዶ ነበር። ፎቶግራፉ ላይ ያ ወገን አይታይም፤ ዳኛውም ያን ዕለት በወባ ተጠቅልሎ ነበር፤ በኋላም ቅዳጁ ምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። አንዲት ቃል ብትናገር ምስጢር አረንጓዴ ክር ፍለጋ ትነሣለች፤ ክሩ ልኩ አይደለም ትባላለች፣ ትፈታዋለች፣ ሌላ ትፈልጋለች፤ ይመሻል።

"የለም" አለች። "አልቋል።"

ጎንበስ ብላ ታኮውን በሁለት ጣቷ ከጎማው ሥር አወጣችና፣ ከጭነቱ ሥር፣ በግራ በኩል፣ ሰንሰለቱ ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ በጣቷ አንጓ የመኪናውን ገላ ሁለት ጊዜ መታችው።

መኪናው ዘንበል ባለው ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ቤዚ እጅ ሄደ።